ማይክል ፋራዳይ፦ ከመጽሐፍ ጠራዥነት እስከ ቤታችን ሶኬት

ኤሌክትሪክ ሲነሳ ብዙ ሰው ኤዲሰን ነው የሚለው፣ ትንሽ ያነበበ ደሞ ቴስላን ይጠራል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሶኬታችን ድረስ ለሚመጣው ኮረንቲ ትልቁ ባለውለታ እንግሊዛዊው ፋራዳይ ነው። በ1791 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከአንጥረኛ አባት ተወለደ፣ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየም፣ በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ጋር ሙያ ሊማር ገባና የሚጠርዘውን እያነበበ አደገ። ኋላ የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ሌክቸር ሰማና የያዘውን ማስታወሻ ጠርዞ ላከለት፣ በ1813 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ሒሳብ አይሆንለትም ነበር፣ ሐሳቡን በቀመር ያስቀመጠለት የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ነው።

ዋናው ነገር የተገኘው ነሐሴ 1831 ነው። የብረት ቀለበት ወሰደ፣ በአንዱ ጎን አንድ ሽቦ በሌላው ጎን ሌላ ሽቦ ጠመጠመበት፣ ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ በመሀል ጨርቅና ሲባጎ አደረገ። አንዱን ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው በሌላኛው ሽቦ አጠገብ የተቀመጠችው የኮምፓስ መርፌ ዘለል አለችና ተመለሰች፣ ባትሪው እንደተገናኘ እያለ ዝም፣ ሲነቅለው ደሞ በተቃራኒው ዘለለች። መርፌዋ የምትዘለው ሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ ነው፣ ከባትሪ የተገናኘው ሽቦ ደሞ ቀለበቱን ማግኔት ያደርገዋል፣ ስለዚህ ኮረንቲ የሚፈጥረው ማግኔቱ መኖሩ ሳይሆን መለዋወጡ ነው ማለት ነው፣ ብዙዎች ሳያዩት ያለፉትም ይሄንን ነው። በዛው ዓመት ማግኔት በጥቅልል ሽቦ ውስጥ እያስገባና እያስወጣ ኮረንቲ አገኘ፣ በማግኔት መሀል የሚሽከረከር የመዳብ ዲስክም ሰራ፣ የመጀመሪያው ጄኔሬተር የሚባለው እሱ ነው።

ከዛ በኋላ ያለው የዚሁ ዘመድ ነው። የህዳሴ ግድብ ውሃ ተርባይን የሚያሽከረክረው ማግኔቱ በጥቅልል ሽቦ መሀል እንዲዞር ነው፣ ሰፈር ውስጥ ፖል ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመርም (ዝናብ ሲጥል ፈንድቶ ሰፈሩን ጨለማ የሚያደርገው) በመሠረቱ ያ የብረት ቀለበት ነው፣ ሁለት ጥቅልል በአንድ ብረት ላይ። ሽቦ ውስጥ ያለው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ዙር አቅጣጫውን እየቀያየረ ባይመጣ ኖሮ ትራንስፎርመሩ ምንም አይሰራም ነበር። የስልክ ቻርጀር ውስጥም ትንሽዬ ትራንስፎርመር አለች፣ ኢንዳክሽን ምድጃና ገመድ አልባ ቻርጀርም እዚሁ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ሙቀቱን የሚያመጣው በሌላ መንገድ ስለሆነ ምስጋናው ኮረንቲ ሽቦን እንዴት እንደሚያግል ላጠናው ለፊዚክስ ሊቁ ጁል ይሂድ፣ ኮረንቲውን ቤት ድረስ ያመጣለት ግን ያው ፋራዳይ ነው።

ኮረንቲ ወደ እንቅስቃሴ የሚቀየርበትን መንገድም በ1821 አሳይቷል፣ የዛሬ ቬንትሌተርና ማጠቢያ ማሽን ሞተር ከዛ የመጣ ነው። በ1836 ደሞ በብረት የተከበበ ቦታ ውስጥ የውጪ ኤሌክትሪክ እንደማይገባ አሳየ፣ መብረቅ መኪና ሲመታ ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው በዚህ ነው፣ የማይክሮዌቭ በር ላይ ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ ብረትም ስራው ያው ነው፣ ሊፍት ውስጥ ኔትወርክ ሲቆራረጥብንም አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።