የወሎ አፈርና ንጋት ሐይቅ፦ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ሥራዬ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው። ደሴ ላይ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የህዳሴ ግድብና ከኋላው የተኛው የንጋት ሐይቅ ወሬ ከተነሳ ማምለጫ የለኝም።

«ቦርከና ቆቃን በደለል ይሞላዋል።» አይሞላውም። የቦርከና ወንዝ አዋሽን የሚያገኘው ከቆቃ ግድብ በጣም ታች ነው።

«የህዳሴ ግድብ ደለል በኤክስካቫተር ይጠረጋል።» ጠርጋችሁ የት ልትደፉት?

«የግድቡን በር ከፍቶ ማስወጣት ነው።» ወንዝ የተኛ ውሃ ሲያገኝ ፍጥነቱን ያጣል፤ ከባዱን አፈር እዚያው መግቢያው ላይ ይጥላል። በሩ ያለው ደግሞ ግድግዳው ላይ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ቢከፈት የሚወጣው አጠገቡ ያለው ብቻ ነው።

የሚያናድደኝ ግን ይሄኛው ነው፦ «የእኛ ተራራ ከግድቡ ጋር ምን አገናኘው?»

ደሴ ያለችው የሁለት ተፋሰስ ድንበር ላይ ነው። የከተማው ጎርፍ በቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከኩታበር ወዲያ ያለው ግን በሺሎ ወንዝ ይገባል፤ በሺሎ ወደ ዓባይ፣ ዓባይ ደግሞ ጉባ ላይ ወደ ንጋት ሐይቅ። ሐምሌ ላይ በሺሎን እዩት። ያ ድፍርስ ውሃ የሰው ማሳ ነው። «ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ በዚህ አይሞላም» ይሉኛል። ልክ ነው፣ ቶሎ አይሞላም። ማሳው ግን ቀድሞ ያልቃል። ትንንሽ ግድቦች ደግሞ ያን ያህል ዕድሜ የላቸውም፤ ደለል የጎዳውን የጎንደሩን አንገረብ ግድብ ጠይቁ።

«ባሕር ዛፍ ተክለናል» የሚልም አለ። ጦሳ ተራራ ላይ ውጡና ከዛፉ ሥር ተመልከቱ። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ መሬቱ ራቁቱን ነው። አፈሩን ከዝናብ የሚከላከለው እኮ መሬት ላይ ያለው ሣርና ቅጠል ነው።

እርከንም ቢሆን «ድንጋይ መደርደር ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው አያድርስ። አንድ ቀበሌ ውስጥ በዓይን ግምት የተሠራ እርከን አይቻለሁ። ውሃው ዝቅ ባለው ጫፍ ተጠራቅሞ ጣሰው፤ ክረምቱ ሲወጣ ቦረቦር ሆኖ ጠበቀን። ገመድና የውሃ ልክ ያዙ። ትርፉ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ መጀመሪያ ቆፍሩ። የእርከኑ ካብ ላይ ሣር ትከሉ። ከመጀመሪያው ዝናብ ማግሥት ዞራችሁ የተናደውን ጠግኑ። ከብት ደግሞ አታስገቡ፤ ሣሩን አጭዳችሁ ቤት ውሰዱላቸው።