በሳተላይት ላይ የተጫነ ዲጂፒተር ምንድን ነው?

ዲጂፒተር የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ግን ዜናም ዘፈንም አያሰማም። በሬዲዮ ሞገድ የመጣለትን አጭር የጽሑፍ መልእክት ይቀበልና ያንኑ ወዲያው መልሶ ይለቃል፣ ሥራው ይኸው ነው። ተራራ ጫፍ ላይ ቢተከል ከተራራው ወዲህና ወዲያ ያሉትን ያገናኛል። ሳተላይት ላይ ሲጫን ግን ተራራው ራሱ እንቅፋት መሆኑ ይቀራል።

ይህ ለጎንደር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። በእጅ ሬዲዮ የሚላከው ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ በኮረብታ የተከበበች ናት፣ ወደ ደባርቅ የሚወስደው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም ሸንተረርና ገደል ይበዛበታል። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ሰዎች ከእሳቱ ጋር የታገሉት እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስልማ እዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ከእነዚህ ዲጂፒተሮች ታዋቂው ያለው በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ነው። ጣቢያው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በ90 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራል። ዲጂፒተሩ የሚቀበለውም የሚልከውም በ145.825 ሜጋኸርዝ ነው። ከጎንደር ለመላክ 5 ዋት የሚያወጣ የእጅ ሬዲዮ፣ ወደ ሰማይ የሚቀሰር ትንሽ አንቴናና ጽሑፉን ሬዲዮው ወደሚልከው የድምፅ ምልክት የሚቀይር የስልክ መተግበሪያ ሊበቃ ይችላል። መብራት ባይኖር የመኪና ባትሪ ያሠራዋል። ጣቢያው ከአድማስ እስከ አድማስ ለማለፍ ቢበዛ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ናይሮቢ ያለ አማተርም (ለገቢ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል ሬዲዮ የሚጠቀም ሰው) ጣቢያውን የሚያይበት አጋጣሚ ስላለ ሁለቱ በቀጥታ ይጻጻፋሉ። የተቀባዩ መሣሪያ «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ራሱ ይመልሳል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ይኸ ነው፤ በአደጋ ጊዜ መላክ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ መድረሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ተቀባዩ ሩቅ ከሆነስ? የሳተላይቱን ድምፅ ሰምተው ወደ ኢንተርኔት የሚያስገቡ የምድር ጣቢያዎች አሉ። አዲስ አበባ ከጎንደር በቀጥታ ሲለካ 420 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ የጠፈር ጣቢያው ከሁለቱም በላይ ሲሆን እዚያ ያለ አንድ ተቀባይ የጎንደሩን መልእክት ሰምቶ ወደፈለገው አገር ሊያሳልፈው ይችላል። ሌላው መንገድ ሳተላይቱ መልእክቱን በሆዱ ይዞ እንዲሄድና ተቀባዩ ጋ ሲደርስ እንዲያራግፈው ማድረግ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የመጠቀው ዩኦ-14 የተባለ ሳተላይት ይህን ይሠራ ነበር፤ ከአማተሮች እጅ ከወጣ በኋላም በአፍሪካ መልእክት ለማመላለስ አገልግሏል።

አሁን ጉድለቱን ልናገር፣ እንደ ስታርሊንክ ያለ የሳተላይት ኢንተርኔት የመሰለው ሰው እንዳይኖር። አንድ መልእክት የሚይዘው 67 የላቲን ፊደል ነው። የላቲኑ አንዱ ፊደል 1 ባይት ቦታ ሲይዝ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ ቢጻፍ ወደ 22 ፊደል ይወርዳል፤ ብዙዎቹ ሬዲዮኖችም ፊደሉን በስክሪናቸው ማሳየት አይችሉም። ስለዚህ ያው በድሮው የሞባይል ሜሴጅ እንደለመድነው አማርኛውን በላቲን መጻፍ ግድ ነው። ቦታ፣ የተጎጂ ቁጥር፣ የሚያስፈልግ ነገር፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም። ደግሞ ጠፈርተኞቹ መሣሪያውን ለድምፅ ግንኙነት ከቀየሩት ዲጂፒተሩ ዝም ይላል። አማተር ሬዲዮ ትርጉም ለመደበቅ ተብሎ በሚስጥር ኮድ ስለማይላክ የተጻፈውን ሁሉ ማንም ያነበዋል፤ የታማሚ ስም እዚያ ላይ መጻፍ የለበትም።

ሳተላይቱ እስኪመጣ መጠበቅ የማይፈልግ ኪውኦ-100ን ይሞክር። ይህ በ2018 እ.ኤ.አ. የመጠቀ የኳታር ሳተላይት ላይ የተጫነ የአማተር መሣሪያ ነው፤ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከቦታው አይንቀሳቀስም። እውነተኛ ዲጂፒተር አይደለም፣ የመጣለትን ድምፅም ዲጂታል ምልክትም እንዳለ ያስተላልፋል። ከጎንደር ሲታይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ከአድማስ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ለኢትዮሳት ወደ ደቡብ ምሥራቅ የዞረ ዲሽ ካለ አቅጣጫውን መቀየር፣ ከተራው የቴሌቪዥን ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለችው መቀበያ ጭንቅላት) ጋር ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ በሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ (ኤስዲአር) መጨመር ነው፤ የአፍሪካና የአውሮፓ አማተሮች ሲጫወቱ ይሰማል። መላኩ ግን በ2.4 ጊጋኸርዝ ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል።

ለመላክ በየትኛውም መንገድ ፈቃድና የጥሪ መለያ (ላኪው በአየር ላይ የሚታወቅበት ኮድ) ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ መለያ በ«ኢቲ» ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል፣ መማር የሚፈልግ የጎንደር ተማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ያ ነው።