ጥሪ፦ በመሃል አዲስ አበባ ወደ ካቶሊክ ክህነትና ምንኩስና የሚወስደው መንገድ

በካቶሊካውያን ዘንድ «ልጁ ጥሪ አለው» ከተባለ ክህነትን ወይም ምንኩስናን እያሰበ ነው ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ አንድ ልጅ እንዲህ ሲያስብ ቁምስናው (የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን) በሙሉ ደስ ይለዋል።

ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በማየት ነው። በልደታ ለማርያም ካቴድራል (ከኦርቶዶክሷ ልደታ ጋር እንዳይምታታ) ቅዳሴው በግእዝ ሥርዓት ነው። እዚያ መንበሩ ዙሪያ የሚያገለግል ልጅ ካህኑን ከቅርብ ያያል። በቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ደግሞ የላሳል ወንድሞች የሚባሉ መነኮሳት አሉ። ብዙ ሰው መነኩሴ ሁሉ ካህን ይመስለዋል፤ እነሱ ግን ሳይቀድሱ፣ በማስተማር ብቻ ሕይወታቸውን የሰጡ ናቸው። ስድስት ኪሎ የእማሆይ ቴሬዛ (ማዘር ቴሬዛ) ማኅበር እህቶች በሰማያዊ ጥለት ነጭ ልብሳቸው በሽተኛ ሲያጥቡ ያየች ልጅ፣ ከስብከት ይልቅ ያ ይነካታል።

ታሪኩም ቅርብ ነው። ጎጃሜው መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የጣሊያናዊውን ሚስዮናዊ የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን መንገድ ተከትለው በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር ሳሉ ዐረፉ። በ2015 እ.ኤ.አ. ካርዲናል የሆኑት አቡነ ብርሃነ ኢየሱስም ደ ያቆቢስ የነበሩበት የላዛሪስቶች ማኅበር አባል ናቸው።

ከባዱ ነገር ቤት ውስጥ ነው። «ማን ይጦረኛል? ማን ይቀብረኛል?» ትላለች እናት። በተለይ ልጁ አንድ ብቻ ከሆነ። ይህ ጥያቄ በእምነት ማነስ መታየት የለበትም፤ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ስለዚህ የጥሪ አስተባባሪ ልጁን ከማነጋገር አልፎ ቤቱ ሄዶ ቡና ሊጠጣ፣ ወላጆቹንም ሊሰማ ይገባል። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ስለ ጥሪ የሚጸለይበት የመልካም እረኛ እሁድ፣ ዛሬ በትንሣኤ ወቅት አራተኛ እሁድ ይከበራል። የቤቱን ጭንቀት ግን የዓመት አንድ ቀን ጸሎት ብቻውን አይፈታውም።

መንገዱ ረጅም ነው። በላቲን (በምዕራቡ ካቶሊክ) ሥርዓት ሕግ ለክህነት ፍልስፍናና ሥነ መለኮት ቢያንስ 6 ዓመት ይወስዳሉ። ወደ መነኮሳት ማኅበር የሚገባ ሰው ቢያንስ 12 ወር ተመክሮ (ከመሐላ በፊት ያለ የሙከራ ጊዜ) ያደርጋል፤ የዕድሜ ልክ መሐላ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በተመክሮው ጊዜ «የኔ መንገድ አይደለም» ብሎ መውጣት ይችላል፤ ሕጉ ራሱ ይፈቅድለታል። ሰፈር ግን «ተባረረ እንዴ?» ይላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ጥሪውን በሐቅ መርምሮ የተመለሰ ልጅ ከገባው ያላነሰ ድፍረት አሳይቷል፤ ቁምስናው በሩን ከፍቶ ሊቀበለው ይገባል።