የክልሉ በጀት ከፌዴራሉ በኋላ የሚጸድቀው ለምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ በሐምሌ ወር ስለ ክልሉ በጀት የሚሰማ ሰው «በሰኔ ጸድቆ አልነበረም?» ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 የሚያበቃ ሲሆን፣ ገንዘብ ሚኒስቴር አዘጋጅቶት፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶበት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ የሚያጸድቀው የፌዴራሉን በጀት ነው። በዚሁ በጀት ውስጥ ለክልሎች የሚሰጥ ድጎማ አለ፤ የማከፋፈያ ቀመሩን የሚወስነው ግን፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት ገንዘብ ሚኒስቴር ሳይሆን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤትም የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው ይህን ድጎማ ከክልሉ የራሱ ገቢ ጋር በመደመር ስለሆነ፣ የፌዴራሉን ውሳኔ ቢጠብቅ ቸልተኝነት አይደለም። የጸደቀ በጀት ደግሞ የማውጣት ፈቃድ እንጂ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህ የታቀደው ግብር ካልተሰበሰበ፣ በወረቀት ላይ የተፈቀደለት የወረዳ መንገድም ሳይጀመር ሊቆይ ይችላል።