ፒጂዲቲ ማስተርስ ነው ወይስ ዲፕሎማ?

ላብራቶሪ ወይም መሥሪያ ቤት ቆይቶ ወደ መምህርነት መዞር ያማረው ሰው ቶሎ ግር የሚለው ይሄ ፒጂዲቲ (ፖስት ግራጁዌት ዲፕሎማ ኢን ቲቺንግ፣ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) የሚባል ስም ነው። አንዱ «ሁለተኛ ዲግሪ ነው» ይለዋል። ሌላው «ዲግሪ ይዘህ ወደ ዲፕሎማ ልትወርድ?» ብሎ ያስደነግጠዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ፒጂዲቲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠና ነው። ማስተርስ አይደለም፣ ከዲግሪም አያወርድም። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ኬሚስትሪውን ወይም ታሪኩን በዲግሪ ጨርስ፣ ከዚያ ማስተማርን ተማር። በመደበኛው አንድ ዓመት ይፈጃል፤ በክረምት ከሆነ ይረዝማል። ዲግሪው ግን ትምህርት ቤት ከሚሰጥ የትምህርት ዓይነት ጋር መገናኘት አለበት።

ለእኔ ቁም ነገሩ ፕራክቲከሙ ላይ ነው፤ ማለትም ትምህርት ቤት ገብቶ ማስተማርን መለማመዱ ላይ። ላብራቶሪ የኖረ ኬሚስት ሞልን (የኬሚስትሪ የመጠን መለኪያ) በእንቅልፍ ልቡም ያሰላል። ለዘጠነኛ ክፍል በ40 ደቂቃ ማስረዳት ግን፣ ያውም ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩትን እየተቆጣጠሩ፣ ሌላ ሙያ ነው። ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ጀርባውን ለክፍሉ እንደሰጠ ራሱ አይታወቀውም። ከኋላ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ነው የሚነግረው።

ከተቀጠረም በኋላ፣ በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አሠራር አዲስ መምህር ለሁለት ዓመት መካሪ መምህር ይመደብለታል። ወረቀቱ የሚለው ይሄንን ነው። መካሪው ራሱ ክፍለ ጊዜ ከተደራረበበት ግን ነገሩ ፊርማ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ «መካሪዬ ማን ነው? ክፍል ገብቶስ ያየኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።