«ሊነጋ ሲል ይጨልማል»፦ መሃል ላይ ለቆመ ሰው

ነገር ሁሉ አልሆን ሲለን፣ አጠገባችን ያለ ሰው «አይዞህ፣ ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ይለናል። ትርጉሙ ለማንም አይጠፋም። መከራው ሲበረታ ማብቂያው ቀርቧል ማለት ነው። እንግሊዞችም ተመሳሳይ አባባል አላቸው፤ ቶማስ ፉለር የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እኔ ግን አነጋገሩ ከማጽናኛነት ያለፈ ነገር የያዘ ይመስለኛል።

እስቲ መጀመሪያ ሰማዩን እንይ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሊነጋ ሲል አይጨልምም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ጨለማው የሚበረታው ፀሐይ በጠለቀችበትና በምትወጣበት ሰዓት መሃል ላይ ነው። ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትደርስ ሰማዩ ቀስ በቀስ መሳሳት ይጀምራል። ብርዱ ግን እውነት ነው። መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን ስታጣ ስለምታድር፣ ቅዝቃዜው የሚጠናው ጎህ ሲቀድ አካባቢ ነው። እንግዲህ አነጋገሩን የወለደው ሳይተኛ ያደረ ሰው መሆን አለበት። በሽተኛ ሲያስታምም ወይም መንገደኛ ሲጠብቅ ዓይኑ የደከመ፣ ብርዱ አጥንቱ ድረስ የዘለቀው ሰው። ለእሱ የመጨረሻዋ ሰዓት ከሁሉም ትጨልማለች።

እንዲህ ያሉ ሰዓቶች በሕይወት ውስጥ ብዙ ናቸው። የድሮውን ሥራ ለቀሃል፣ አዲሱ አልተገኘም። ምርመራ ሰጥተሃል፣ ውጤቱ አልመጣም። ስልኩን ፊት ለፊትህ ታስቀምጠዋለህ። ድምፁ መከፈቱን ታያለህ። ትንሽ ቆይተህ ደግመህ ታያለህ። «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» የሚልህን ሰው ትሸሻለህ፤ መልሱ ገና የለማ።

አርኖልድ ቫን ዠኔፕ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። ሰው ከአንድ የኑሮ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር መጀመሪያ ከነበረበት ይለያል፣ ከዚያ ደፍ ላይ ይቆያል፣ በመጨረሻም አዲሱን ቦታውን ይይዛል ይላል። እኛ መሰናበቱንም መድረሱንም እናውቅበታለን። መሃሉን ነው ቶሎ ማለፍ የምንፈልገው። ጥንታዊ ትረካዎች ግን እዚያው መሃል ላይ ቁጭ ይላሉ።

ያዕቆብን አስቡት። ወንድሙን ዔሳውን ሸሽቶ 20 ዓመት በላባ ቤት አገልግሏል። አሁን እየተመለሰ ነው። ዔሳው ደግሞ 400 ሰው አስከትሎ እየመጣበት መሆኑን ሰምቷል። ሚስቶቹን፣ ልጆቹን፣ ያለውን ሁሉ የያቦቅን ወንዝ አሻገረና ብቻውን ቀረ። ከኋላው ላባ አለ፣ ከፊቱ ዔሳው። አንድ ሰው እስከ ንጋት ድረስ የታገለው እዚያ ነው። ሊነጋ ሲል ያ ሰው ልቀቀኝ አለው። ያዕቆብ ካልባረክኸኝ አልለቅህም ብሎ ድርቅ አለ። ስሙ ተለውጦ እስራኤል የተባለው ያኔ ነው።

ፀሐይ ስትወጣበት ግን ያነክስ ነበር። ከትረካው ሁሉ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ሌሊቱ ያለ ጉዳት አለፈ አይለንም። በረከቱም ጉዳቱም ከዚያች ከአንዷ ሌሊት የወጡ ናቸው፣ ያዕቆብም ሁለቱንም ይዞ ነው መንገዱን የቀጠለው። ዔሳው ደግሞ ሮጦ መጥቶ አቀፈው።

የጥንት ግብፆች ሌሊቱን ራሱን ሙሉ ታሪክ አድርገውታል። ራ የተባለው የፀሐይ አምላክ ማታ ሲጠልቅ በጀልባ ተሳፍሮ በ12 የሌሊት ሰዓታት የሙታንን ዓለም ያቋርጣል። ይህን ጉዞ በነገሥታት መቃብር ግድግዳ ላይ ሰዓት በሰዓት ሥለውታል። በ6ኛው ሰዓት፣ በሌሊቱ እምብርት፣ ራ የሙታን ዓለም ገዥ ከሆነው አምላክ ከኦሲሪስ አካል ጋር ይዋሃድና ኃይሉ ይታደሳል። በ7ኛው ሰዓት ደግሞ አፔፕ የተባለው ታላቅ እባብ መንገዱን ይዘጋበታል። ይገርመኛል፤ መታደሱ የሚጀምረው ንጋት ገና ሩቅ ሳለ፣ ውጪ ያለ ሰው ምንም ምልክት በማያይበት ሰዓት ነው። ከታደሰም በኋላ ውጊያ ይቀረዋል።

ለዚህ ነው አነጋገሩን እንደ ቀጠሮ ሲጠቀሙበት ቅር የሚለኝ። ትናንት ልጁን የቀበረ ሰው «ሊነጋ ሲል ነው» አይባልም። የእሱ ሌሊት ገና እየመሸ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ ማምሸት ይሻላል። አነጋገሩ የሚጠቅመው ብዙ ቆይቶ፣ ሰውየው ራሱ ታሪኩን መናገር ሲጀምር ነው፤ «ከዚህ መጣሁ፣ አሁን እዚህ ነኝ፣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም» ሲል። ያኔ ጨለማው የታሪኩ አንዱ ምዕራፍ ይሆናል።

ይህን አነጋገር ባነሳሁ ቁጥር የቅርብ ዘመዱ ትዝ ይለኛል፤ «የማይነጋ መስሏት…» የሚለው። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያች ሴት ያበላሸችው የራሷን ቋት ነው፣ የምትበላውን እህል የምታስቀምጥበትን። መሃል ላይ ስንቆምም ቋታችን ቅርብ ነው። በንዴት የላክነው መልእክት፣ ተስፋ ቆርጠን በርካሽ የሸጥነው ዕቃ፣ ስልኩን ሳናነሳለት የቀረነው ወዳጅ፣ ሲነጋ ሁሉም እዚያው ይገኛሉ።