የሪህ መድኃኒትና የደም ቅባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሪህ ከሚታመሙ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሪህን ከሚያስከትለው ከዩሪክ አሲድ በተጨማሪ የደም ቅባታቸው፣ በተለይም ትራይግሊሰራይድ የሚባለው፣ ከፍ ብሎ ይገኛል። አንዱን ማከም ሌላውን ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄም በየጊዜው ይነሳል፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በግምት ይሰጣል።

አመለካከት፦ ዩሪክ አሲድ ሲወርድ ኮሌስትሮልም አብሮ ይወርዳል።

እውነታው፦ ሐሳቡ ከባዶ የመነጨ አይደለም። አሎፑሪኖል እና ፌቡክሶስታት የተባሉት የሪህ መድኃኒቶች የዩሪክ አሲድን ምርት የሚቀንሱት ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም በመግታት ነው፤ ይህ ኢንዛይም በሥራው ላይ ሳለ ሕዋሳትን የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶችንም ስለሚያመነጭ፣ መገታቱ ለደም ቅባትም ይበጃል የሚል መላምት አለ። በሪህ ታካሚዎች ላይ ከተደረጉት ክትትሎች አንዳንዶቹ መጠነኛ የቅባት መቀነስ ሲያሳዩ ሌሎቹ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። መቀነስ በታየበትም ጊዜ ታካሚው በዚያው ወቅት ቢራ ትቶ፣ ክብደት ቀንሶ ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ፣ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ዩሪክ አሲዱ ከ9 ወደ 5.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር የወረደለት ታካሚ ትራይግሊሰራይዱ 300 ላይ ቢቀር፣ የሪህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። የሕክምናው ግብ ዩሪክ አሲድን ከ6 በታች ማድረግ ነበር፤ ያም ተሳክቷል። ትራይግሊሰራይዱ ግን የራሱን ሕክምና ይጠይቃል።

አመለካከት፦ የደም ቅባትን ከፍ የሚያደርገው ዩሪክ አሲድ ነው።

እውነታው፦ ሁለቱ አብረው የሚታዩት በአብዛኛው የጋራ ምንጭ ስላላቸው ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ ምላሽ መስጠት ሲያቅተው፣ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንደሚገባው አያስወግድም፤ ጉበትም ትራይግሊሰራይድን አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። አልኮልም እንዲሁ ሁለቱንም ከፍ ያደርጋል፤ ቢራ ደግሞ በውስጡ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጥ ፒዩሪን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ለሪህ ይበልጥ ይከፋል። በጣፋጭ ለስላሳ መጠጦች ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ በጉበት ሲፈጭ በአንድ በኩል ዩሪክ አሲድ፣ በሌላ በኩል ስብ ያስገኛል። በየድግሱ ጥሬ ሥጋውን ብቻ የሚፈራና ለስላሳውን ምንም አያደርግም ብሎ የሚደጋግም ታካሚ ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

አመለካከት፦ አሎፑሪኖል ልብንም ስለሚጠብቅ ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ማቆም ይቻላል።

እውነታው፦ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ውጤቱ በ2022 ይፋ የሆነው ኦል-ሃርት የተባለ የብሪታንያ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸው ነገር ግን ሪህ የሌለባቸው ከ5,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ አሎፑሪኖል ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ኸርት አታክ)፣ ስትሮክን ወይም በልብ ሕመም መሞትን እንደማይቀንስ አሳይቷል። ስታቲን ግን ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል።

አመለካከት፦ ፌኖፋይብሬት የተባለው የደም ቅባት መድኃኒት ዩሪክ አሲድንም ትራይግሊሰራይድንም ስለሚያወርድ እሱ ብቻ ይበቃል።

እውነታው፦ ፌኖፋይብሬት ትራይግሊሰራይድን ከመቀነሱም በላይ ዩሪክ አሲድ በሽንት እንዲወጣ እንደሚያግዝ እርግጥ ነው። ሆኖም የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ለሪህ ሲባል ብቻ የኮሌስትሮል መድኃኒትን በፌኖፋይብሬት መተካትን አይመክርም።

አመለካከት፦ የሪህና የቅባት መድኃኒቶች አብረው ቢወሰዱ ምንም ችግር የለውም።

እውነታው፦ አሎፑሪኖልና ስታቲን አብረው መታዘዛቸው የተለመደ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ኮልቺሲን ነው፤ የዩሪክ አሲድ መቀነሻ ሲጀመር ሕመሙ እንዳይነሳ ይህ መድኃኒት ከ3 እስከ 6 ወር ሊታዘዝ ይችላል። ከስታቲን ጋር ሲወሰድ፣ በተለይ ኩላሊታቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ፣ አልፎ አልፎ የጡንቻ ጉዳት ያስከትላል። ደረጃ መውጣት ወይም ከወንበር መነሳት የከበደው፣ ጡንቻው የሚያመው ወይም ሽንቱ የጠቆረበት ታካሚ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።